ከመጀመሪያው የሚጀምር ኮምፒውተር

ደባርቅ ላይ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። ይህን የማነሣው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። አምና የሠራሁት ስህተት በአስኳላ ብቻ ያለፈ ሰው የሚሠራው ዓይነት ስላልነበረ ነው።

የአብነት ትምህርቴን የተማርሁት ከመካነ ብርሃን የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ ባለች አንዲት ደብር ነው። ያስተማሩኝ የኔታ የዳዊትን ትርጓሜ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መጽሐፍ መግለጥ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፣ አስፈልጓቸውም አያውቅም። አምና ጥምቀት እንዳለፈ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ የሐምሌ ሥላሴን አክብረው ቆላ ወደሚገኝ ገዳም እንደሚወርዱና ከዚያ እንደማይመለሱ ነገሩኝ። ትርጓሜውን እስከ መጨረሻው የተቀበላቸው ተማሪ አልነበረም። እኔ ራሴ ሠላሳኛው መዝሙር ላይ ጥዬ ወደ አስኳላ የኮበለልሁ ነኝ፤ ይህንንም እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አንሥተውብኝ አያውቁም።

ድምፅዎን ልቅዳ ብዬ ለመንኋቸው። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ፤ ግን ቃል አስገቡኝ። ከድምፃቸው የሚወጣውን ጽሑፍ እኔ እያነበብሁላቸው፣ እሳቸው ሰምተው ሳያርሙት ለማንም ላልሰጥ።

«ያልሰማሁት የእኔ አይደለም» አሉኝ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ጽሑፉ ከሐምሌ ሥላሴ በፊት ካልደረሰላቸው ያ ሁሉ ትርጓሜ እኔ ጋ ተቆልፎ ይቀራል። ፈቃድ ወስጄ አርባ ቀን ያህል ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጬ ቀዳሁ። ዶሮውም፣ ነፋሱም፣ ውሃ ቀጂዎቹም አብረው ተቀድተዋል።

ደባርቅ ስመለስ ሥራው የማሽን ሆነ። ድምፅ ሰምቶ ጽሑፍ የሚያወጣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል አውርጄ ነበር። ሞዴሉ አማርኛ የለመደው ከዜና አንባቢዎች ስለሆነ የኔታን ሲሰማ ግራ ገባው። እሳቸው አንዱን የግእዝ ቃል አንሥተው «አንድም» እያሉ ፍቺ በፍቺ ላይ ሲደርቡ፣ እሱ የሰማውን ከሚያውቀው ዜና ጋር እያዛመደ የማይሆን ነገር ይጽፋል። የፊተኛውን ካላወቀ የኋለኛውን እንደሚስት ስለገባኝ፣ እያንዳንዱን አዲስ ቁራጭ ድምፅ ሲሰማ ከፊቱ የተባለውንም አብሮ እንዲሰማ አድርጌ ፕሮግራሙን ጻፍሁ። ሠራ። አጫጭሮቹን መዝሙሮች እንደ ደህና ተማሪ ጻፋቸው። ረዘም ወዳሉት ሲደርስ ግን ዔሊ ሆነ፤ እንዲያውም መዝሙሩ በገፋ ቁጥር ይብስበታል። አስልቼ ብመለከት፣ በዚህ አያያዝ የሚጨርሰው ጥቅምት ላይ ነው።

እኔ ንዴት ይቀድመኛል። ኮምፒውተሩን ሰደብሁት፤ የግራፊክስ ካርዱ አሮጌ ነው፣ ጉልበት የለውም ብዬ ለመሥሪያ ቤቴ ጠንከር ያለ እንዲገዛልኝ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ተባልሁ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በመጨረሻ አብራኝ የተማረች፣ አሁን ጎንደር የምትሠራ አንዲት ጓደኛዬ ጋ ደወልሁ። የዳባት ገበሬ ልጅ ናት። ያንን ሁሉ ስሞታዬን ከሰማች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲያዘግም ማስሊያው፣ ካርዱ ላይ ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ምን ያህል ይሠራል? አላየሁም ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

«አውድማ ላይ በሬዎቹ ቆመው ነዶ ሲጠብቁ አይተህ አታውቅም?» አለችኝ። «አንተ የምትለምነው ሌላ ጥማድ በሬ ነው። የጎደለህ ግን ነዶ ተሸካሚ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እስከዚያን ቀን ድረስ ኮምፒውተር ለእኔ የሚያሰላ ዕቃ ነበር። ለካ አብዛኛው ድካሙ መሸከም ነው። ሁለት ቁጥር ማባዛት ለእሱ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚያስቸግረው ቁጥሮቹን ካሉበት ቦታ ማምጣቱ ነው። ከማስሊያው ጎን ያለችው ማኅደረ ትውስታ ፈጣን ናት፣ ግን እፍኝ አትይዝም። ከእሷ ወጣ ብሎ የካርዱ ማኅደረ ትውስታ አለ፤ ከዚያ የኮምፒውተሩ፤ ከዚያ ወዲያ ማዶ ዲስኩ። ቦታው በሰፋ ቁጥር መንገዱም ይርቃል። ታዲያ ለምን ቅርቧን አያሰፏትም ብዬ እንደ ሕፃን ጓደኛዬን አደከምኋት። ስትሰፋ ፍጥነቷን ታጣለች፣ ዋጋዋም አይቀመስም አለችኝ። ማንበብ ጀመርሁ። ማኅደረ ትውስታውን እንደ ፎቅ እየደራረቡ ከማስሊያው አጠገብ የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። ጭራሽ ማስሊያውን ራሱን ወስደው ቁጥሮቹ ያሉበት ውስጥ ለመትከል የሚሞክሩም አሉ። እነዚህን ሁሉ ክፍሎች ለዓመታት ሰሌዳ ላይ በሳጥንና በቀስት እየሣልሁ አስተምሬአለሁ፤ ቀስቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር። አፈርሁ፣ ደስም አለኝ።

እንግዲያስ የእኔ ማሽን ነዶውን ከየት ነው የሚያመጣው ብዬ፣ አንድ ቁራጭ ድምፅ ባነሣ ቁጥር የቁራጩን ተራ ስክሪኑ ላይ እንዲጽፍ አደረግሁት። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ቁርስ ቀረበ ልትለኝ መጥታ ከጀርባዬ ቆመች። ስክሪኑ ላይ አንድ ይላል። ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት። ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ባለቤቴ ኮምፒውተር አልተማረችም፤ ትንሽ አየችና ሳቀች።

«ይሄማ አንተ ነህ» አለችኝ። «ምነው፣ ስልክ ተደውሎበት ነው?»

የምትለው ገብቶኛል። ጠዋት ጠዋት ዳዊት እደግማለሁ። መሐል ላይ ስልክ ከጮኸ ወይም ሰው በር ካንኳኳ፣ ካቆምሁበት አልቀጥልም፤ ከመዝሙሩ ራስ እጀምራለሁ። በዚህ የተነሣ ቁርስ ቀዝቅዞ መብላት ከተጋባን ጀምሮ የቤታችን ደንብ ሆኗል፤ እሷም እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

ይህን ያስለመዱኝ የኔታ ናቸው። ፊታቸው ቆመን በቃል ስናወርድ፣ የተሳሳተ ካለ መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ያሳርፋሉ። የት እንደተሳሳትህ አይነግሩህም። ወደ መጀመሪያው ትመለሳለህ። ዝናብ ቢመጣ፣ ቢርብህ፣ ልትጨርስ አንዲት ቃል ቢቀርህ ያው ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሬአለሁ። ፕሮግራሙን ስጽፍ እጄ እኔን ሳያማክር ያንኑ ጻፈ። ማሽኑ ለእያንዳንዷ አዲስ ቁራጭ ድምፁ እስካለበት ሩቅ ዲስክ ድረስ ሄዶ፣ መዝሙሩን ከራሱ ጀምሮ ተሸክሞ መጥቶ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሰምቶ፣ አንድ መስመር ይጽፋል። ከዚያ የሰማውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ይሄዳል። መቶ አሥራ ስምንተኛውን መዝሙር የሚያውቅ ሰው ምልልሱን ይገምተው። መብራት ሲጠፋም ከመዝሙሩ ራስ እንዲጀምር አድርጌው ነበር፤ ይህንንማ እንደ ጥንቃቄ ነበር የቆጠርሁት። ሌላ ማንም ባለሙያ የሰማውን ከቅርብ አስቀምጦ ይቀጥል ነበር። እኔ መቀጠል የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም። ያን ቀንም ቁርሱን ቀዝቅዞ በላሁት፣ ግን እየሳቅሁ ነው።

አስተካከልሁት። ካለፈው የተረዳውን ካርዱ ላይ ያቆየዋል፤ ከዲስክ የሚመጣው አዲሱ ቁራጭ ብቻ ሆነ። ማሽኑ በረረ። ግን ረዣዥሞቹ ላይ ሲደርስ ያቆየው በዝቶ ካርዱ ሞላ፤ የተረፈው ወደ ሩቁ ማኅደረ ትውስታ ፈሰሰና ማስሊያው እንደገና መጠበቅ ጀመረ። አንዱን ጠባብ በር ስታሰፋ ከኋላው ሌላ ጠባብ በር አለ። በዚህ ጊዜ ጓደኛዬ ሞዴሉ የተማረውን የሚይዝባቸውን ቁጥሮች አሳጥራቸው አለችኝ። ከነጥብ በኋላ ያለውን ረጅም ጭራ ስትቆርጠው ቦታ ይለቅቃል፣ በአንድ ጉዞም ብዙ ይጫናል። ጆሮው ይደነቁራል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቆርጬው ጥቂት መዝሙሮችን ከበፊቱ ጋር ባስተያይ የተለወጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያ ሁሉ ጭራ ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል መቶ አምሳውም ተጻፈ። አተምሁት፤ ማሽኑ የተጠራጠረበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ቀለም አቀለምሁ። በቡይት ራስ በኩል በጉም ውስጥ አልፌ መካነ ብርሃን ደረስሁ፤ ከዚያ በጭቃ እየተንሸራተትሁ በእግር ወጣሁ። ለሐምሌ ሥላሴ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

የኔታ ጓዛቸውን ጠቅልለው ጨርሰዋል። ጊዜ ስለሌለን ቀይ ቀዩን ብቻ ላንብብልዎ አልኋቸው።

«ከመጀመሪያው አንብብ» አሉኝ።

ተከራከርሁ። አራት ቀን ለመቶ አምሳ መዝሙር እንደማይበቃ፣ እኔ እዚህ የደረስሁት ይህንኑ ልማድ ከማሽኑ ላይ ነቅዬ እንደሆነ፣ ስለ በሬዎቹና ስለ ነዶው ሳይቀር ነገርኋቸው። ከመጀመሪያው የሚጀምረውን ኮምፒውተር ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ያን ያህል ሲመላለስ ምን አተረፈበት ብለው ጠየቁኝ። ምንም አላተረፈም፣ እያንዳንዷን መስመር እንደጻፈ የሰማውን ሁሉ ይረሳዋል አልኋቸው።

«ምስኪን» አሉ። «በል፣ ከመጀመሪያው አንብብ።»

አነበብሁ። የመጀመሪያው ቀን መቋሚያው እረፍት አልነበረውም። በወረደ ቁጥር እኔ፣ ሚስትና ሥራ ያለኝ ሰው፣ ወደ መዝሙሩ ራስ እመለሳለሁ። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። በሁለተኛው ቀን ጥዬው የሄድሁትን ሠላሳኛውን አልፈን እኔ ያልተማርሁት ውስጥ ገባን። እዚያ ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ማሽኑ የጻፈው አንዳንድ ቃል ቀደም ብለን ካነበብነው ጋር አልገጥም ይለኝ ጀመር፤ መቋሚያው ሳይወርድ በፊት ቆሜ ሌላ ቃል እሞክራለሁ፣ የኔታ እህ ይላሉ፣ እቀጥላለሁ። አራተኛው ቀን ሲመሽ የደረስነው አርባ ሦስተኛው ላይ ነበር።

በዓሉ ተከበረ። በማግሥቱ በቅሎዋ ተጭና ደጃፍ ቆመች። እስከ ፍልሰታ እንዲቆዩልኝ ለመንኋቸው፤ አልሆነም። ከመቶ በላይ መዝሙር ሳይሰሙት ሊሄዱ ነው። ያንን ሁሉ ወር በሞኝነት ያባከንሁት እኔ ነኝና ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

«የኔታ፣ ቃሌስ?» አልኋቸው። «የቀረውን አልሰሙትም።»

«ሰኞ ስንት ጊዜ አረምሁህ?» አሉኝ።

ሰኞ አራተኛው ቀን ነው። አስቤ ብፈልግ መቋሚያው የወረደበትን ጊዜ አጣሁ። አላረሙኝም አልኋቸው።

«ስህተት አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ፤ ብዙ ነበረ።»

«እንግዲያ የቀረውን አንተ ስማልኝ» አሉኝና ትከሻዬን ይዘው በቅሎዋ ላይ ወጡ።

ወረቀቱን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። አሁን ሰባ አንደኛው መዝሙር ላይ ነኝ። ጽሑፉን የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ ሰምቼ እንዳልጨረስሁ እነግራቸዋለሁ።