አባዬ የተኮሰው እንጨት

ባለፈው ክረምት የወጥ ቤቴ ቧንቧ አፈሰሰና ቁምሳጥኑ አበጠ። ቤቴል ወዳለው አዲሱ ቤታችን ስንገባ «ዘመናዊ ነው» ተብሎ የተገጠመልን፣ ነጭ የሚያብለጨልጭ፣ ኤምዲኤፍ የሚሉት የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ነው። ውሃ የነካው ቦታ ሁሉ እንደ ተቦካ ሊጥ ኩፍ አለ። ባለሙያ ጠራሁ። ልጁ በጣቱ ጫን ጫን ሲያደርገው እየተፈረፈረ እጁ ላይ ቀረ። «ማዘር፣ ይሄ አንዴ ካበጠ አይመለስም፤ መቀየር ነው ያለበት» አለኝ። ማዘር መባሉ አንሶኝ! ግን የከነከነኝ እሱ አልነበረም። «አይመለስም» ያላት ቃል ናት ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው። እኔ ያበጠ እንጨት ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁና።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አንዲት ክፍል ቤት፣ ከጎኗ ደግሞ በቆርቆሮ የተከለለች የአባዬ መሥሪያ። አባዬ አናጢ ነው። ቀን ቀን ጦር ኃይሎች አካባቢ የቤት ዕቃ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ተቀጥሮ ይውልና፣ ከሥራ መልስ እዚያችው ቆርቆሮ ሥር የራሱን ሥራ ይሠራል። የሰፈር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ እኔ ሰጋቱራ ላይ እንከባለላለሁ። ከመላጊያው አፍ የሚወጣውን ጥቅልል ፍቅፋቂ ጆሮዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሎቲ ነው እያልኩ ስንቷን አስቀንቻለሁ መሰላችሁ! እማዬ ፀጉሬን ስትሠራኝ ሰጋቱራው ከራሴ ሲራገፍ «ይቺ ልጅ የተወለደችው ከኔ ነው ከሳንቃ?» ትል ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ጠረጴዛ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ሲወጣ ለእኛ ቤት አንድም አልደረሰ። አባዬ «ይሄ የቤታችን ነው» ብሎ የጀመረውን እንኳ አንዱ መጥቶ «ጋሽ ታደሰ፣ ይሄንንማ ለእኔ» ካለው አለቀ፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? እኛም ሰሃናችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን እንበላለን። እማዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አንዲት ባዶ ጥግ ነበረች፤ አንድ ቀን ጠረጴዛ ይቆምባታል እያለች ማንም ዕቃ እንዳያስቀምጥባት ትጠብቃት ነበር።

ከዚያ ስቶቩ መጣ። እማዬ ምግብ ታበስልላቸው የነበሩ ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ነው የሰጧት። ከአየር ጤና በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ሲመጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላው ይሮጣል። ግዙፍ ነው፤ ነጭ፣ ባለ አራት ማብሰያ፣ የላይኛው ፊቱ ዙሪያውን ከፍ ባለ ጠርዝ የታጠረ። እልልታው ሲያልቅ ግን ጉዱ ፈላ። ስቶቩ የሚገባበት ቦታ ጠፋና ያቺን ጥግ ሙሉ በሙሉ ዋጣት። እማዬ ደስ ይበላት ይክፋት ሳታውቅ ቆማ ስታየው ትዝ ይለኛል።

እማዬ የማርያም ማኅበር ነበራት። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ይደግሳል፤ ጽዋው ንጹሕ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ጸሎት ይደረጋል። የእማዬ ተራ በደረሰ ቁጥር ግን የእኛ ቤት ቦታም ጠረጴዛም ስለሌለው ድግሷን ተሸክማ የማኅበሩ ታላቅ የሆኑት እትዬ ሙሉ ቤት ትሄዳለች። ከሴቶቹ አንዷ «የሺ ድግስ እንጂ ቤት የላትም» ማለቷን ሰምታለች። እና ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ተራዋ ሲደርስ እንደምንም ደፍራ፣ ስቶቩ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ እዚያ ይቀመጥ ብላ እትዬ ሙሉን ጠየቀቻቸው።

እትዬ ሙሉ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ሥርዓት ላይ ቀልድ አያውቁም። «ድስት የሚጣድበት ላይ ጽዋ?» አሏት። «ተይው ልጄ፣ እኔው ቤት ይሁን።» እማዬ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የማርያም ጽዋ አንድ ቀን እንኳ ቤቴን ሳይረግጥ ልሞት ነው» አለች። አባዬ ተነሥቶ የስቶቩን ፊት በስንዝሩ መለካት ጀመረ።

መሥሪያው ጣራ ሥር አንድ የዋንዛ ሳንቃ ተሰቅሎ ነበር። ገዢዎች ለምነውት ያልሸጠው እሱን ብቻ ነው። ለስቶቩ ፊት ክዳን ሊሠራበት አወረደው። እኔን ሳንቃው ጫፍ ላይ ክብደት አድርጎ አስቀምጦ ሲቆርጥ መጋዙ እስከ ጥርሴ ድረስ ይንዘረዘር ነበር። ከዚያ በመላጊያ ይገፋው ጀመር። ምን ልበላችሁ! አመድ የመሰለው፣ አቧራ የጠጣው ሳንቃ አንዴ ሲላግ ውስጡ ማር ሆኖ ወጣ። ጅማቱ እየተጥመለመለ ሄዶ ሄዶ ተመልሶ ይጠመዘዛል። ትንፋሼን ያዝኩ። ያ ሁሉ መልክ ከዚያ ቆሻሻ ሥር ተደብቆ መኖሩን ማን ነገረው? አባዬ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ አስደግፎ በጣቱ ከወዲያ ጫፍ ሲነካው፣ ድምፁ ከእንጨቱ ልብ ውስጥ መጣልኝ። «እንጨት ቢቆረጥም አይሞትም፣ ሚጣ፤ ይተነፍሳል» አለኝ። አመንኩት፤ ዛሬም አምነዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን አባዬ ራሱ የሚያውቀውን ረሳ። ለሰው ሲሠራ ሁልጊዜ ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ይተዋል፤ መተንፈሻው ነው ይላል። ለእማዬ ሲሆን ኩራት ያዘው። «ለየሺ ክፍተት ያለው ሥራ አልሠራም» ብሎ ክዳኑን ከስቶቩ ጠርዝ ጋር ልክክ አደረገው፤ ክር አያሳልፍም። እጀታ እንኳ አላበጀለትም፣ ጽዋው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ እንዲቀመጥ። ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል ደግሞ እማዬ ሽታው ከጽዋው ጋር አይሆንም ብላ ከለከለችው። በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አሽቶ አሽቶ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለሰለሰው። እትዬ ሙሉ ተጠርተው መጡና መዳፋቸውን አሳለፉበት። «ይሄማ ጠረጴዛ ነው» አሉ። ተፈቀደ ማለት ነው! እማዬ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነብስ ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

በድግሱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ወጡ ተሠርቶ አለቀ፤ ክዳኑም ስቶቩ ላይ ገባ። አባዬ አግዳሚ ወንበር ሊዋስ ወጣ። እማዬ ክዳኑን ዞር ዞር ብላ አየችው። ጽዋ የሚቀመጥበት ነገር ሳይታጠብ? እንዴት ተደርጎ! ሙቅ ውሃ አምጥታ ፈተገችው፤ አሁንም ደግማ አፈሰሰችበት፤ በመጨረሻ አቧራ እንዳይነካው ብላ የተነከረ ነጭ ጨርቅ አለበሰችው። እኔም በትጋት ውሃ አቀብላለሁ።

እሁድ ጠዋት በእማዬ ጩኸት ነው የነቃነው። ያ ሜዳ የነበረ ክዳን መሀሉ ተነሥቶ ጉብታ ሆኗል። ውሃውን ጠጥቶ አብጧል፤ የስቶቩ ጠርዝ ደግሞ ወደ ጎን አላስኬድ አለው፤ ወደ ላይ ተነሣ። እጀታ የለው፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለው፣ በምን ይነቀል? አባዬ ብርጭቆ አስቀመጠበት፤ ተንሸራቶ ሄደ። እማዬ ብርጭቆውን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ጽዋው ቢገለበጥስ? በእሷ ቤት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«ውሃ አስነካሽው?» አላት አባዬ።

«አጠብኩት እንጂ! ታዲያ ቆሻሻ ላይ ላስቀምጥ? አንተስ ክፍተት ብትተው ምን ነበር?»

አባዬ መጋዙን አምጥቶ ሊሰነጥቀው ጎንበስ ሲል እማዬ ሁለት እጇን ዘርግታ ክዳኑ ላይ ተደፋችበት። «አይቆረጥም! ከቆረጥከውስ ምን ቀረኝ?» አለች። አባዬ መጋዙን ይዞ ቀረ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ። ውጪ ዝናብ ያካፋል፤ ለፀሐይ ማስጣት የሚባል ነገር የለም። መብራትም እንደ ሐምሌ ልማዱ ጠፍቷል።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ በረንዳዋ ላይ በከሰል ካውያ ቀሚሷን ትተኩሳለች። ፕሮቴስታንት ናትና ለእሁድ አምልኮ መዘጋጀቷ ነው። እርጥቡ ቀሚስ ካውያው ባለፈበት ቁጥር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይተናል። አባዬ ፈዞ አያት፣ አያት፣ ከዚያ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ የእሷን መልስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። «ውሰደው ታዴ! እኔ ተጨማድጄ እሄዳለሁ፤ ጌታ የሚያየው ልብ ነው!»

አባዬ ደረቅ ጨርቅ ክዳኑ ላይ አነጠፈና እንጨቱን መተኮስ ጀመረ። አዎ፣ እንደ ሸሚዝ! ካውያውን ሲያሳልፍ ጨርቁ ይረጥባል፤ እኔ ሌላ ደረቅ አቀብላለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ይሸፍነዋል። የዋንዛው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጫካ ውስጥ ዝናብ የዘነበ መሰለ። አይቸኩልም። ደጋግሞ መዳፉን አሳርፎ የልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ይዳስሰዋል፤ ከዚያ ከሰሉን እፍ ብሎ ይቀጥላል። እማዬ ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። መሀል ላይ እትዬ ሙሉ ጥላቸውን እያጠፉ ገቡና በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ታደሰ፣ ጤና የለህም? እንጨት ይተኮሳል እንዴ?»

«ነጠላዎ ሲጨማደድ ይተኩሱት የለ፣ እትዬ?» አለ ቀና ሳይል።

ያኔ ነው ክዳኑ «ቀጭ» ያለው። ሁላችንም ሰማነው። ጉብታው እንደ ሰው ደረት ቀስ ብሎ ወረደ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ በዓይናችን እያየነው ወረደ! አባዬ ካውያውን አስቀምጦ ብርጭቆ ጢም አድርጎ ውሃ ሞላና መሀሉ ላይ አኖረው። ውሃው ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጠብ ያለ ነገር የለም። እትዬ ሙሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ወይ የማርያም ሥራ!» አሉ። እማዬ ግን አባዬን ነበር የምታየው። እንደዚያ ስታየው ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከሰዓት በኋላ ጽዋውን እትዬ ሙሉ ራሳቸው ተቀብለው ክዳኑ ላይ አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር በጸሎቱ መሀል አንድ ዓይናቸው እዚያው ነበር፤ የእኔም እንደዚያው። ጽዋው ንቅንቅ አላለም። ሊሄዱ ሲሉ የእማዬን ግንባር ስመው «የሺ፣ ቤትሽ ሙሉ ነው» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ያኔ አልከለከሏትም።

ክዳኑ ደርቆ ሲለቅ አባዬ ዙሪያውን በመላጊያ ላግ ላግ አደረገና በአንድ ጎኑ ለጣት የሚሆን ጉድጓድ አበጀለት። «እንጨት ቂም አይዝም፤ ያጠጣሽውን ይመልሳል። ቦታ ብቻ ተዪለት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ያቺ ክፍተት ስትጠብ፣ በየበጋው ስትሰፋ አያለሁ። የአባዬ እንጨት እስትንፋስ ነው እያልኩ ለጓደኞቼ አሳይ ነበር።

ስቶቩ ዛሬ የለም። ያ መሥሪያም፣ ያ ሰፈርም ፎቅ ሆኗል። አባዬ ካረፈ ዓመታት አለፉ። አሁን ቤት ውስጥ የሚገባው ሁሉ ተሠርቶ፣ ተለብጦ፣ በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ግን አንዴ ከተጎዳ መጣል ነው። እማዬ እኔ ጋ ናት። ብዙ ነገር ይጠፋባታል። ሲመሻሽ «አባትሽ አልገባም?» ትለኛለች፤ እኔም «መንገድ ተዘጋግቶ ይሆናል» እላታለሁ። ታዲያ ምን ልበላት?

የማኅበሩን ተራ አሁን የምወጣው እኔ ነኝ። ባለሙያው «አይመለስም» ባለኝ ሰሞን ተራዬ ደርሶ ነበርና ያበጠው ቁምሳጥን ላይ ጽዋ ማስቀመጥ አልሆነልኝም። አልጋ ሥር ገብቼ እስከ ዛሬ ያቆየሁትን የአባዬን ክዳን አወጣሁት። አቧራ ለብሷል እንጂ ሜዳ ነው። ቁምሳጥኑ ላይ አጋደምኩትና ጨርቅ ነክሬ ልጠርገው እጄን ስዘረጋ፣ ሶፋው ላይ ያሸለበች የመሰለችኝ እማዬ ጮኸችብኝ።

«ሚጣ! ውሃ እንዳታስነኪው! አባትሽ ካውያ ይዞ አይመጣልሽም!»

ዞሬ አየኋት። ዓይኗ ጥርት ብሎ እኔን ያያል። እርጥቡን ጨርቅ አስቀመጥኩና ክዳኑን በደረቅ መዳፌ ጠረግኩት።