ሁለት ንጹህ ማዳበሪያዎች

ቡራዩ የተከራየኋትን ክፍል የለቀቅኩ ቀን እንደተናደድኩት ተናድጄ አላውቅም። ዕቃዬ በሙሉ አይሱዙ ላይ ተጭኗል፤ አልጋዬ፣ የስፌት መኪናዬ፣ በፌስታል የተቋጠረው የደንበኞቼ ጨርቅ። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። የግቢው በር ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው አከራዬ ኮት ኪስ ውስጥ ነው።

«መጀመሪያ ቤቱን አስረክቢ» አሉኝ ሽማግሌው።

ሱሉልታ ያገኘሁት ቤት ባለቤት ደግሞ ጠዋት ደውላ «እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረስሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ጠያቂ በዝቶብኛል» ብላኛለች። አራት ሰዓት ሆኗል። ያ ቤት ካመለጠኝ ማደሪያ የለኝም። የሰው ጨርቅ ተሸክሜ የት ልግባ?

እሳቸው ምን አስቸኮላቸው! አምፖሉን አብርተው አጠፉ፤ እንደገና አበሩ። ሶኬቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። በሩን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚስማር ቀዳዳ ይቆጥሩ ጀመር።

«ኮቱ፣ ነይ እስቲ እዪ! ይሄ ቤት ነው ወንፊት?»

«አባባ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰፋሁትን የት ልስቀለው? አየር ላይ?»

«እሱን እኔ ምን አውቃለሁ። ድፈኚው።»

ደፈንኩ። ሾፌሩ ሹክ ባለኝ መሠረት ሳሙና እየፈረፈርኩ ቀዳዳውን ሁሉ በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩት። በቃ አለቀ ስል ሽማግሌው ቀና አሉ። ኮርኒሳችን እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ የማዳበሪያ ነው፤ ባዶ ከረጢት ተተርትሮ፣ እርስ በርሱ ተሰፍቶ ከቆርቆሮው ሥር ይወጠራል። መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ቢጫ ሆነው ረግበዋል።

«ምን ደፍተሽበት ነው?»

ደሜ ፈላ። «ወደ ላይ የሚደፋ ሰው አይተው ያውቃሉ? ቆርቆሮው ነው እንጂ! ሁለት ክረምት ሙሉ ያፈሳል እያልኩ አልለመንኩዎትም? ደንበኛዬ የሰርግ ልብሷ ረጥቦባት እዚሁ ግቢ ቆማ ስትሰድበኝ አልሰሙም?»

«በቃ፣ በቃ፣ አትጩሂ። አዲሷ ተከራይ ልትመጣ ነው» አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። ሲመለሱ ሁለት ንጹህ ማዳበሪያ በሥርዓት አጣጥፈው ይዘዋል፤ ከላዩ ወፍራም መርፌ። ጉድ እኮ ነው፣ ክሩ እንኳን ገብቶለታል!

«እነዚህን ቀይሪልኝና ሂጂ። ስፌት ያንቺ ሙያ አይደል?»

በርሜል ላይ ቆሜ ቀየርኩ። አቧራው፣ የአይጡ ኮተት፣ ሁሉም ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክንዴ ዝሎ መርፌውን ስስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ስገባም እኮ መሃል ያሉት ሁለቱ ከሌሎቹ ነጣ ያሉ ነበሩ። ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ዕቃውን እያወጣ «ጥሩ ቤት ነው» ያለኝ ጫማውን እያየ ነበር። ያንን ሰውዬ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ሳፋ ከሥር ባስቀመጥኩ ቁጥር ረግሜዋለሁ።

ከበርሜሉ ስወርድ አዲሷ ተከራይ በሩ ላይ ቆማለች። ሽማግሌው በትንሿ በር አስገብተዋት ነው። ሕፃን አዝላለች፤ የፋብሪካ ጋውኗን እንኳን አላወለቀችም። ዞር ዞር ብላ አየችና ልክ ከሁለቱ ማዳበሪያዎች ሥር ቆመች።

«አልጋውን እዚህ ጋ ነው የማደርገው» አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እህቴ፣ ዝናብ ያስገባል እንዴ? ለልጁ ብዬ ነው።»

አከራዬን አየኋቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁልፉን ያንቀጫቅጫሉ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ጥሩ ቤት ነው» አልኳት። ጫማዬን እያየሁ ነበር።

የግቢው በር ወዲያው ተከፈተ። ሽማግሌው «ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ልጄ! የገባሽበት ይቅናሽ» ብለው መረቁኝ። ምርቃታቸው ከስድብ በላይ አንገበገበኝ።

መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሄድኩ። ቤቱ የሳቸው፣ ቆርቆሮው የሳቸው፣ እኔ ምን አገባኝ? ደግሞ መለስ እልና፣ እንዴት አያገባኝም! ማዳበሪያውን በገዛ እጄ ሰፍቼው! ክረምቱ እኮ ደርሷል፤ ያ ሕፃን እዚያ ሥር ሊተኛ ነው። ሾፌሩ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ዝም ብለህ ንዳ!» ብዬ ጮህኩበት፣ ምስኪኑ ላይ።

ሱሉልታ ለስድስት አሥር ጉዳይ ደረስን። ቤቱን የምትለቀው ሴትዮ የመጨረሻ ፌስታሎቿን እያወጣች ነው፤ ባለቤቲቱ እጇን አጣምራ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ገብቼ ግድግዳውን አየሁ። ከጉልበቴ በታች ዙሪያውን አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው የድሮው ነው። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ በክረምት ውሃ እንደሚተኛበት የማያውቅ የለም።

«እህቴ፣ ቤቱ ምንም የለበትም አይደል?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ጥሩ ቤት ነው» አለችኝ፣ ፌስታሏን ለማንሳት ጎንበስ ብላ። ጥፍሮቿ ላይ ያ ቀለም አለ።

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ግን በምን አፌ?

«ጨርቁን መሬት እንዳታሳርፈው» አልኩት ሾፌሩን። «አልጋው ላይ አድርገው።»