የበረንዳው ረጃጅም ማስቀመጫዎች

ሰው ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው አናቱ ላይ ነው። ዘንባባው ቀጥ ብሎ፣ ሐረጉ በጎን ተንዠርግጎ ካየ፣ እንዴት ያምራል ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ለምንስ ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቀው ሞልቶት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አትክልተኛዋ ደግሞ ስትሞላ ስንት ዘመኗ።

አምሳን ያለፈች ሴት ናት። መንገድ ዳር ችግኝና የአበባ ማስቀመጫ ትሸጣለች፤ ሲጠሯትም ቤት ድረስ፣ ቢሮ ድረስ ሄዳ ትተክላለች። ደንበኛ ይመጣና፣ «እትዬ፣ ለቤቴ በር ግራና ቀኝ የሚሆን ረጅም ነገር ስጪኝ» ይላታል። እሷ ጥያቄዋን ትጀምራለች። ነፋስ አለ? ፀሐዩ የጠዋት ነው የከሰዓት? ውሃ የሚያጠጣው ማነው? ነፋስ ካለ ታቹ ሰፋ ያለውን ውሰድ። ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሥሩን ይቀቅልብሃል። ይሄን አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነውን ተወው፤ ሥሩ ሆዱን ከሞላ በኋላ ያለ መዶሻ አይወጣም። ቀዳዳ የሌለውንም ተወው፣ ውሃ አቁሮ ያበሰብሰዋል። ደንበኛው አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማታል። ሰምቶ ሲያበቃ አንገተ ጠባቡን ይመርጣል፣ ምክንያቱም ያምራል። ድሮ ትከራከር ነበር። አሁን፣ «ይሁን፣ ይጽደቅልህ» ብላ አፈሯን ትዝቃለች።

ረጅም ማስቀመጫ ደግሞ አፈር አይጠግብም። አንድ ጆንያ ሙሉ ትገለብጥበትና ጎንበስ ብለህ ስታይ ገና ታቹን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ስለዚህ የሙያው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ አለ። ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ክዳናቸው ጥብቅ ተደርጎ እስከ ግማሹ ይደረደራሉ፤ በላያቸው ቁራጭ ጆንያ ይነጠፋል፤ ከዚያ አፈር። የተክሉ ሥር እዚያ ድረስ ስለማይወርድ ምንም አይጎድልበትም፣ ውሃውም ያልፋል፣ ፎቅ ላይ ለሚወጣውም ሸክም ይቀላል። ማጭበርበር አይደለም። ዕቃዋን የሚያመላልስላት የፒካፕ ሾፌር፣ ይሄን ዘዴ ያወጣ ሰው ሐውልት ይገባዋል ይላል፤ ሐውልቱን ከውስጥ ባዶ ካደረጉት ራሱ ተሸክሞ ሊያቆመው ፈቃደኛ ነው።

አትክልተኛዋ እናቷን ወደ ቤቷ ያመጣቻት፣ አሮጊቷ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት ነው። ሰፊ ግቢ ካለው ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ። እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት የኖረች ሴት ናት። አሁን ጉልበቷ አልታጠፍ አላት፤ ቢታጠፍላትም እዚህ የሚኮተኮት ነገር የለም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። «ተነሺ እንጂ እማዬ» ስትላት፣ «ተነስቼስ ምን ልሠራ» ትላለች። ሐኪሙ አትክልተኛዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የእናትሽ እግር ደህና ነው፣ ግን መራመድ ካቆመች በዚያው የአልጋ ቁራኛ ሆና ትቀራለች አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው በር ላይ ዘንባባ እያቆመች እንኳ የምታስበው ያንን ግድግዳ ሆነ።

በመጨረሻ የምታውቀውን ሥራ ሠራች። በረንዳዋ ጠባብ ቢሆንም ረጅም ነው። ከመኝታ ቤቱ በር ጀምራ እስከ ጫፉ ድረስ ረጃጅም ማስቀመጫዎች ደረደረች፤ አፋቸው የእናቷ ወገብ ጋ የሚደርስ፣ ጎንበስ የማያሰኝ። ከታች ድንጋይ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ እስከ አፉ አፈርና ብስባሽ። አንዱ ላይ ቆስጣ፣ አንዱ ላይ ጽጌረዳ፣ አንዱ ላይ ጦስኝ። እናቷ መጀመሪያ የወጣችው ለመስደብ ነው። «ቆስጣ እንዲህ ታፍኖ ይተከላል እንዴ? ሰው ደግሞ ገንዘቡን ሰጥቶ አንቺን ያስተክላል?» አለችና ግማሹን ነቅላ ጣለችው። በማግስቱም ወጣች። እየዋለ ሲያድር የአንዱን አፍ ይዛ ወደ ሌላው፣ ሌላውን ይዛ ወደሚቀጥለው መሻገር ለመደች። ምርኩዝ ያዢ ስትባል «ለምኑ? አሮጊት መሰልኳችሁ?» የምትል ሴት፣ ማስቀመጫዎቹን እንደተመረኮዘች ልብ አላለችም። አትክልተኛዋ በኩሽናው መስኮት ታያትና አንጀቷ ይርሳል። ትንፍሽ ግን አትልም፤ ካለች እናቷን እልህ ይይዛትና ትተወዋለች።

ጫፉ ላይ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። እናቷ እዚያ ሮዝመሪ ይሁንልኝ ብላ ነዘነዘቻት። ልትተክልላት ባሰበችበት ቀን አትክልተኛዋ አንድ ትልቅ ሕንፃ መግቢያ ላይ ስትሠራ ነው የዋለችው። አሠሪዎቹ ማስቀመጫዎቹን አንዴ በሩ ጋ፣ አንዴ ደረጃው ጋ፣ ኋላ ደግሞ ተመልሶ በሩ ጋ ሲያስገፏት ዋሉ። ቤቷ ስትደርስ አንዱን የአፈር ጆንያ እየጎተተች አወጣች፤ ለሁለተኛው ስትወርድ ደረጃው መሀል ላይ ወገቧ ያዛት። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። የሰው ልጅ ለምን አበባ እንደሚወድ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ገባት። ስትነሳ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሄደችው። በረንዳው ጥግ ለሥራ ያጠራቀመቻቸው ባዶ ፕላስቲኮች በከረጢት ተቀምጠው ነበር። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ክዳን ማጥበቅ ጀመረ። ባወጣችው አንድ ጆንያ አፈር ላዩን ሸፍና ሮዝመሪውን ተከለችበት። እሑድ አስተካክለዋለሁ አለች። እሑድ መጣ፣ ተኝታ ዋለች። የሚቀጥለውም እሑድ መጣ።

ሥራ ላይ ሳለች ጎረቤቷ ደወለችላት። «አትደንግጪ» ብላ ነው የጀመረችው፤ ከዚህ ቃል በላይ የሚያስደነግጥ ደግሞ የለም። እናትየው ጦስኙን ለቅቃ የሮዝመሪውን አፍ ጨብጣ ክብደቷን ስትጥልበት፣ ማስቀመጫው አብሯት ሄዶ ነበር። ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። ከክሊኒክ እስኪመለሱ ጎረቤትየዋ የፈሰሰውን አፈር ጠርጋ፣ ማስቀመጫውን አቁማ ጠበቀቻቸው። የፈሰሰው ከላይ ያለው ብቻ ነው፤ ጆንያው ተወትፎ ፕላስቲኮቹን ከውስጥ አስቀርቷቸዋል። እናቷ የሕመም ማስታገሻዋን ውጣ ስታሸልብ አትክልተኛዋ በረንዳ ወጥታ ሆዱን ዘረገፈችው። ፕላስቲኮቹን ለቅማ ወስዳ ቆሻሻ መጣያ ጨመረች፤ በማግስቱም ሾፌሩን ለምና ድንጋይና አፈር አስወጥታ ጢም አድርጋ ሞላችው። ዳግም ሰው እንዳይወድቅበት ነው አለች ለራሷ። እውነት ነው። ሰው እንዳያይባትም ነው፤ ያም እውነት ነው።

እናትየው ግን ተመልሳ ወደ ግድግዳዋ ዞረች። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነው። «ያን የሚያህል ማስቀመጫ ገለበጥኩ እኮ፣ ድንጋይ የሞላውን። ሰውነቴ መላ ቅጡ ጠፍቷል። ከእንግዲህ የያዝኩትን ሁሉ ይዤ ነው የምወድቀው።» ቆስጣው አበበ፣ ጽጌረዳው ተባይ ወረረው፤ ምን ሆነ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሁለት ሰው ይያዘኝ ማለት ጀመረች። አትክልተኛዋን የበላት ይሄ ነው። እጅስ ይጠገናል። እናቷ ግን የገዛ ሰውነቷን ፈርታ፣ ደህና እግሯን ይዛ አልጋ ላይ ልትቀር ነው፤ ያውም ባላጠፋችው ጥፋት።

አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አወጣችው። «እማዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ታቹን ፕላስቲክ ነው የሞላሁት። ለዚህ ነው የወደቀው።»

እናቷ በደህና እጇ ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት። «እሺ ልጄ።»

«እውነቴን ነው የምልሽ።»

«ገብቶኛል። ትንሽ ሆነሽም አባትሽ ብርጭቆ ሲሰብር እኔ ነኝ ትይ ነበር። ልብሽ ለሰው ይራራል።»

«አሁን ግን አልዋሸሁሽም።»

«ካልዋሸሽ ፕላስቲኩ የት አለ?»

ጎረቤትየዋም እዚያው ተቀምጣ ነበርና ለመርዳት ብላ፣ «እኔ ስጠርግ አፈር ብቻ ነው ያየሁት» አለች። አትክልተኛዋን አጥፍታ ስትደብቅ አምነዋታል፤ እውነቱን ስትናገር ደግሞ ደግነቷ ነው አሏት። ደረጃው ላይ ወጥታ አለቀሰች፤ ለማልቀስም ጉልበት ሲያንሳት ተወችውና ገብታ ሳህን አጠበች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከመሸጫዋ ተመሳሳዩን ማስቀመጫ አምጥታ መኝታ ቤቱ መሀል ገተረችው። ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፈች። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታታለች። እሷም ሳትናገር ክዳን እያጠበቀች አንድ በአንድ ትጥላቸው ጀመር። ፕላስቲኮቹ ሆዱ ውስጥ ሲወርዱ ይንኳኳሉ። እናቷ ትንሽ ችላ ልትለው ሞከረች፤ ኋላ ግን አላስቻላትም፣ ዞረች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሥራዬን።»

ጆንያውን አነጠፈች፣ አፈሩን ሞላች፣ በመዳፏ ደልድላ ሮዝመሪ ተከለችበት። ኮራ ብሎ ቆመ። በረንዳ ላይ ካሉት የሚለየው አንዳች ነገር አልነበረም። ገፋ አድርጋ ወደ አልጋው አቀረበችው። «በግራ እጅሽ ንኪው።»

እናቷ በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ማስቀመጫው ዘመም አለ። ዓይኗን ማመን አቅቷት በመዳፏ ደገመችው፤ አትክልተኛዋ ቀለብ ባታደርገው ኖሮ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነበር።

«ለእኔ ይሄን ነው የሞላሽልኝ?»

«አዎ እማዬ። ደክሞኝ ነበር።»

«እንደምደገፈው ታውቂ ነበር?»

«በመስኮት አይሽ ነበር።»

አትክልተኛዋ ስድብ ጠበቀች። ስድብ ቢመጣ በቀለላት። እናቷ ግን የታሰረ እጇን በደህናው አቅፋ፣ «እኔ እኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ሞቴን ስጠብቅ የከረምኩት በአንቺ ፕላስቲክ ነው?»

ይቅር በይኝ ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ አላስጨረሰቻትም።

«ነይ አንሺኝ» አለች።

ብብቷን ይዛ አነሳቻት። በረንዳ ሲወጡ እናቷ የመጀመሪያው ማስቀመጫ ጋ ቆመች። «ይሄስ?» አለች። «ድንጋይ ነው እማዬ።» ሁለተኛው ጋ ደረሱ። «ይሄስ?» «ድንጋይ ነው።» እንዲህ እያለች፣ አንዱንም ሳትዘል፣ እንደ ፖሊስ እየመረመረች እስከ ጫፉ ደረሱ። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሯን አልቦታል። የሮዝመሪው ፊት ቆማ ብዙ አየችው።

«ይሄኛውስ?»

«አሁን ድንጋይ ነው።»

«እስቲ ልቀቂኝ።»

ለቀቀቻት። እጆቿን ግን አላወረደችም፤ ከእናቷ ጎን አየር ላይ ዘርግታ ቆመች። አሮጊቷ በግራ እጇ የማስቀመጫውን አፍ ጨበጠችና የሰውነቷን ክብደት በሙሉ ጣለችበት፤ የተጣላችው ሰው ይመስል ገፋችው፣ ደግማ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። በዚያው ተደግፋው ቆየች።

«የሰዉስ?» አለች ከቆይታ በኋላ።

«የምን ሰው?»

«በየሰዉ ቤት የሞላሽው ነዋ። እዚያ አሮጊት የለም?»

ብዙ ቦታ ነው። ፎቅ የሚወጣበት ደረጃ ጥግ አለ፣ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ኮሪደር አለ፣ ደረጃው የእጅ መደገፊያ የሌለው በርም አለ። አሁን አሁን የሞላችባቸውን ቦታዎች ሁሉ እንኳ አታስታውሳቸውም።

«አስተካክዪው» አለች እናቷ።

«እሺ እማዬ። አሁኑኑ ሾፌሩ ጋ ልደውል።»

«ዛሬ አይደለም» አለች አሮጊቷ፣ እጇን ከማስቀመጫው ሳታነሳ። «ዛሬ ደክሞሻል።»