የመቅደስ «መጣሁ»

ባለፈው ሳምንት ከሽሮ ሜዳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ ከተቀመጠች ተማሪ ስልክ «መጣሁ» የሚል ጎርነን ያለ የሴት ልጅ ድምፅ ወጣና ጓደኞቿ ሳቁ፤ እኔ ግን ዞር ብዬ ስልኩን አየሁ፤ ድምፁ ከሞተች ዓመታት ያለፏት የእህቴ የመቅደስ ነበር።

ልጆች ሳለን፣ ክረምት ገብቶ የእንጦጦ ጉም እስከ ግቢያችን ሲወርድ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለን እንውል ነበር። በዲሽ የሚመጣ አንድ የአስማት ተከታታይ ፊልም ነበር፤ ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የሚጻፈው ዐረብኛ ነው፤ እናታችን ሁለቱንም ስለማታውቅ ታላቃችን መቅደስ የሁሉንም ድምፅ እያወጣች ትተረጉምልን ነበር። እንግሊዝኛዋ የሚያኮራ አልነበረም፣ ድፍረቷ ግን ወደር አልነበረውም። በየክፍሉ መጨረሻ በር ጠባቂዋ አሮጊት የሆነ ረጅም ነገር ተናግራ ጉም ውስጥ ስትጠፋ፣ መቅደስ ምን እንዳለች ስለማይገባት፣ ሱቅ ደርሰን ለመመለስ ስንነሳ የምንለውን ወስዳ፣ ድምፅዋን ጎርነን አድርጋ «መጣሁ» ትል ነበር። እናቴም ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል «ቶሎ ነይ» ስትላት፣ ሁላችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ መቅደስ ትርጉሟን በስልኳ እየቀዳች የፊልሙ ወዳጆች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ትለቅ ጀመር። በጋው ሳያልቅ፣ አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች ደህና እደሩ ማለት ትተው «መጣሁ» ብለው ይወጡ ነበር፤ ቀጠሮ ሰጥቶ የቀረውንም ሁሉ «መጣሁ አለ» እያሉ ያሙት ነበር። መቅደስ ይህን እያነበበችልን አገር ያወቃት ያህል ትኩራራ ነበር።

በተከታዩ ክረምት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የነበረባት የልብ ሕመም ጸናባት። ሆስፒታል ልትተኛ በሄደችበት ጠዋት፣ ጋቢ ደርባ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለችና፣ ልታስቀን ፈልጋ፣ በአሮጊቷ ድምፅ «መጣሁ» አለች። እናቴም እንደ ልማዷ «ቶሎ ነይ» አለቻት። አልተመለሰችም።

ታክሲ ውስጥ ያቺን ተማሪ ስለ ድምፁ ብጠይቃት፣ ሰው ሁሉ በሚለቀው ቪዲዮ ላይ የሚያስገባው ድምፅ እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ ግን እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ፊልሙንም ሰምታው አታውቅም። ልቆጣት ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ? ከዚያን ቀን ወዲህ ቤት ስገባ የስልኬን ድምፅ እዘጋ ነበር፤ እናቴ ሳታስበው ብትሰማው ምን እንደምትሆን ፈርቼ።

ትናንት አመሻሽ ላይ ግን የጎረቤታችን ልጅ ደጃችን ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ያው ድምፅ ወጣ። እናቴ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና ሳትል «ቶሎ ነይ» አለች። እጇ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያኔ እናቴ እንዲህ ስትል መቅደስ እዚያው መሃላችን ተቀምጣ ትስቅ ነበር። ትናንት ግን ሲጨልም በሩን ልቀረቅር ብነሳ፣ እናቴ «ትንሽ ይቆይ» አለችኝ።