በአፍንጫው ልክ

እኔና ወንድምሽ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የሞተር ሳይክሉን የፊት መስታወት ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ግቢው እርጥብ አፈርና ሳሙና ይሸታል። እኔ ውሃ አፈሳለሁ፣ እሱ በመዳፉ ያሻል። መስታወት እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ከመብራቱ በላይ ቆሞ ነፋስ የሚመልስ። ጭቃው ሳይርስ በጨርቅ ልጠርገው ስል እንደ ሁልጊዜው እጄን ያዘኝ። «ተይ፣ ትቧጭሪዋለሽ! መምህርት ሆነሽ ስንቴ ነው የምትማሪው?» አለኝ። ውሃ ረጨሁበት። በማግስቱ እሁድ ጧት፣ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ጫማውን ሲያስር፣ «ደረቴን» አለ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

ስለ እሱ ጻፊልኝ ካልሽኝ አራት ወር ሆነ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ከዚያ መስታወት ልጀምር፤ አንቺ ያኔ ለትምህርት ርቀሽ ስለነበር ታሪኩን አታውቂውም።

ከወንድምሽ ጋር የተጋባን ሰሞን እኔ ለማስተማር ደምበጫ ተመደብሁ። እናታችሁ፣ የእኔም እናት፣ የአልጋ ቁራኛ ስለነበረች እሱ ከደብረ ማርቆስ ሊነሣ አይችልም ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ስለሚቆም በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን አረፈድሁ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርቶ «መምህርት፣ ወይ እዚህ ተከራዪ፣ ወይ በሰዓቱ ድረሺ» አለኝ። ብከራይ ከባሌ ጋር የምንገናኘው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሊሆን ነው። የሠርጋችን አበባ ገና ከግድግዳው አልወረደም ነበር። ወንድምሽ ግን የእንስሳት ሐኪም አይደል፣ የሚሠራባቸው ቀበሌዎች በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። «ማንም የትም አይከራይም፣ እኔ አደርስሻለሁ» አለ።

አደረሰኝም። ግን ያ ነፋስ! ጎህ ሲቀድ እንነሣለን፤ ብርዱ ከጮቄ ተራራ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ይጠብቀናል። ሻሽ፣ በላዩ ነጠላ፣ በላዩ የራስ ቁር አድርጌ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ መርፌ የገባ ይመስለኝ ነበር። የጭነት መኪና ሲያልፈን ነፋሱ ጭንቅላቴን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዘዋል። ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲመልስ አልሰማ አልሁ። ዓርብ ወደ ቤት እንደገባን «ሰኞ ክፍል ልፈልግ ነው» አልሁት። ራቱን ሳይበላ አደረ።

ቅዳሜ ጧት መለዋወጫ ወደሚሸጡ አንድ አዛውንት ሐጂ ሱቅ ወሰደኝ። ሱቁ ጎማና ዘይት ይሸታል። ሐጂ ሁለት መስታወት ከጣሪያው አወረዱልን።

«ይቺ አጭሯ የጎረምሳ ናት» አሉ። «ደረት ትሸፍናለች፣ ነፋሱን ግን ሰብስባ ራስ ላይ ትደፋዋለች። ረጅሟ ደግሞ ምቾት ናት፤ ከዓይን በላይ ከሄደች ግን ጉድ ነው። መንገድ የሚታየው በላይዋ አሻግሮ ነው እንጂ በውስጧ አይደለም። ጉምና ዝናብ ሲያርፍባት ታሳውራለች። ጫፏ አፍንጫ ላይ ትድረስ፣ ነፋሱ ከራስ በላይ ያልፋል። ሂዱና ለክታችሁ ኑ።»

ጥፋታችን ልኩ ላይ ነው። ለእኔ እንዲመቸኝ ሞተሩ ወንበር ላይ ጋቢ አጥፈን አንጥፈን ነበር። እሱ እዚያ ላይ ወጣና ትከሻውን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ እንደ ሠርጉ ዕለት ተቀመጠ። ከመብራቱ እስከ አፍንጫው ጫፍ በነጠላዬ ጥለት ለክቼ ቋጠርሁ። እናታችን ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታየናለች። «ምነው ልጄ፣ ሱፍ ልታሰፊለት ነው?» ብላ ሳቀች። ቋጠሮው የገጠመው ከረጅሟ ጋር ነበር። ገዛናት።

ሰኞ ጧት ዓለም ዝም አለ። ሌላ ቃል የለኝም። ነፋሱ በላያችን ሲያልፍ ይሰማል እንጂ አይነካንም። የሞተሩን ድምፅ ለብቻው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ከሥሩ ደግሞ እሱ ሲያንጎራጉር ሰማሁ። ለካ ሲነዳ ያንጎራጉር ኖሯል። ደምበጫ ስደርስ ጆሮዬ ደኅና ነበር። ክፍል መፈለጉን ተውሁት።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተመላለስን። አንድ ነገር ግን አይ ነበር፤ እየነዳ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ብድግ ይላል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «እግሬን እያፍታታሁ ነው» ይለኛል። አማኑኤል ከተማ ላይ የገበያ ሰዎች ለመዱት። አንዱ ገበሬ «ዶክተር! ምን ያንጠራራዎታል? የጠፋ በሬ ነው የሚፈልጉት?» ብሎ ሲጮኽ መንገዱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ከኋላ ሆኜ አብሬ ሳቅሁ። ይህን ሳስታውስ ዛሬ ያመኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ጉም ወረደ። ከአማኑኤል ጥቂት እንዳለፍን የጭነት መኪና ከፊታችን እንደ ግንብ ብቅ አለ። ወንድምሽ ወደ ዳር ጠመዘዘው፤ ጎማው ሣሩ ላይ ተንሸራትቶ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ።

ወርጄ አየሁት። «ውረድ» አልሁት። እሱ ቦታ ላይ ተቀመጥሁና፣ በእሱ ቁመት ልክ ከፍ ብዬ ወደፊት አየሁ። የመስታወቱ ጠርዝ ልክ ዓይኔ ላይ ተጋድሟል። ከሥሩ ነጭ የውሃ ጠብታ ብቻ ነው። መንገድ የለም።

«ስንት ቀን ነው እንዲህ የምትነዳው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጆሮሽ ዳነ» አለ። «ካሳጠርሁት ክፍል ትከራያለሽ ብዬ።»

ደረቱን በቡጢ መታሁት። እያለቀስሁ መታሁት። «አንተ ገደል ብትገባ እኔ የት እከራይ ነበር? ንገረኝ፣ የት?» አልሁት። ዛሬም ይህንኑ እጠይቀዋለሁ።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስንመለስ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ሐጂ ስንለካ እንዴት ተቀምጦ እንደነበር ጠየቁ። ወንድምሽ ትከሻውን ነፍቶ አሳያቸው።

«ፎቶ ልትነሣ ነው እንዴ?» አሉ። «ሰው ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ እንዲህ ይቀመጣል? ደግሞስ ይህ ጋቢ ምንድን ነው? ሙሽራ ነው የምትጭነው? አንሣው! በል አሁን ተቀመጥ፣ እንደ ደከመህ ሁን። አንቺ ልጄ፣ ምልክት አድርጊ።»

ትከሻውን ጣለ። ጀርባው ጎበጠ፤ ጉሙና ድንጋጤው ያልለቀቀው ፊቱ ጎን ቆሜ አየሁት። ሙሽራ አይመስልም ነበር። ባሌ ነበር። የደብተር ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ በአፍንጫው ልክ አሰመርሁ። ሐጂ በብረት መጋዝ ቆረጡት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት።

«ነፋሱ ትንሽ ይነካሻል» አሉኝ።

«ይንካኝ» አልኋቸው። «እሱ ይይልኝ እንጂ።»

ነካኝ። በእሱ ራስ ላይ ያለፈው ነፋስ እኔ ግንባር ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ጉንጬን በትከሻዎቹ መካከል ማሳረፍ ለመድሁ። ጃኬቱ የከብት መድኃኒትና የበረት ሽታ ነበረው። መጀመሪያ አፍንጫዬን እይዝ ነበር፤ ኋላ ግን እዚያው እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። «አንቺ ልጅ፣ እንዳትወድቂብኝ!» ይላል፣ በአንድ እጁ ሁለቱን እጆቼን ሆዱ ላይ ጠበቅ ያደርጋል። እናታችን ካረፈች በኋላ ደምበጫ ጠቅልለን መግባት እንችል ነበር። ሁለታችንም አላነሣነውም። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ ያን መንገድ ግን ሰጥቶን ነበር፣ ጧትና ማታ።

ሞተሩን ከአርባው በኋላ ሸጥሁት። አዲሱ ርዕሰ መምህር አዝኖልኝ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ወደ ሦስተኛው አዛወረልኝ። የሥራ ባልደረቦቼ በደግነት ይመክሩኛል። አንዷ ባለፈው ሳምንት «እዚሁ ክፍል ተከራዪ እንጂ፣ አሁን ማን አለሽና ትመላለሻለሽ?» አለችኝ፤ ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። አልተቀየምኋትም።

አልተከራየሁም። ጧት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፤ ማታ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ ቤቴን ከፍቼ እገባለሁ።