የግራኟ መጋረጃ

ጠላፊዋ በትያትር ቤቱ የልብስ ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት መርፌ ስትወጋና ስትነቅል ኖራ፣ ጡረታ ወጥታ ዓይኗ ከፈዘዘ በኋላ ነው ስልኩ የተደወለው። በኪነ ጥበብና በቅርስ ሥራ ያረጁ ሴቶች በአገር ደረጃ ሊሸለሙ ነው፤ እሷም ተመርጣለች። ስልኩን ያነሳችው ልጇ እግሯ መሬት አልረግጥ አለ።

"እማዬ፣ ለትልቁ መጋረጃ ነው አሉ! ወፎቹ ላሉበት!"

"ሌላ ሥራ አጡ?" አለች ጠላፊዋ።

ወፎቹን የጠለፈቻቸው እሷ አልነበረችም። በግራ እጇ ስለምትሠራ ሁሉም ግራኟ የሚላት ባልደረባዋ ነበረች። የግራኟ ምላስ ከመርፌዋ አይተናነስም፤ "እናንተ በቀኛችሁ ያጣመማችሁትን እኔ በግራዬ አቀናለሁ" እያለች ክፍሉን በሳቅ ትገለው ነበር። መጋረጃው ሲያልቅ ግን ስሜ ጥጉ ላይ ይጠለፍ አለች። የክፍሉ ኃላፊ ይህን ከጥጋብ ቆጠረው። ጠላፊዋን ቢሮው አስጠርቶ፣ "እውነት ይሄን ማን ነው የሠራው?" አላት። ጠላፊዋ ያኔ ባሏ ሞቶባታል፤ ልጇ ገና ጡት አልጣለችም። የኃላፊውን ፊት አየችና የሚፈልገውን መልስ ሰጠችው፦ "እኔ።" ግራኟ የሰው ሥራ ሰረቀች ተብላ ተባረረች።

በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ እንደጠለቀላት ጠላፊዋ ማይኩን ጨበጠች።

"መጋረጃው የኔ አይደለም፤ የግራኟ ነው። እኔ…"

መድረክ መሪው ማይኩን ቀስ አድርጎ ወሰደው። "ትሕትናቸውን አያችሁልኝ? እናቶቻችን እንዲህ ናቸው!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጇም ከፊት ወንበር ላይ እንባዋን እየጠረገች ታጨበጭባለች።

በማግስቱ ጠላፊዋ ግራኟ ዘንድ ውሰጂኝ ብላ ልጇን አስጨነቀቻት። አጠያይቀው ሲደርሱ ግራኟ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተኝታለች። ግራ ጎኗን በሽታ መትቷት እጇ ብርድ ልብሱ ላይ በድን ሆኗል።

"ሜዳሊያሽን አምጥቼልሻለሁ" አለች ጠላፊዋ።

"በየትኛው እጄ ልቀበልሽ?" ግራኟ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። "የተባረርኩ ለታ ደጅሽ መጥቼ ነበር። ውስጥ ሆነሽ ልጅሽን ስታባብዪ እሰማሽ ነበር። ምነው ሳትከፍችልኝ ቀረሽ?"

"አፈርኩ።"

"አንቺ አፈርሽ፤ እኔ ተራብኩ። ሌባ የተባለች ጠላፊ ማን ይቀጥራል?"

"ሌባ?" አለች ልጅቱ። "እማዬ፣ ምንድን ነው የምትለው?"

ጠላፊዋ ያን ጊዜ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ግራኟ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ይዘሽው ሂጂ። ለኔ ምን ሊሆነኝ ነው?"

ጠላፊዋ ሽልማቱ ለባለቤቱ ይዙር የሚል ማመልከቻ ልጇን አስጻፈቻት። መልሱ ሲመጣ ግራኟ ከተቀበረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ልጅቱ ፖስታውን ከፍታ አነበበች። "'ሽልማቱ በሕይወት ለሌሉ አይሰጥም' ይላል።" ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀጥላም፣ ዕድሜዋን ሙሉ እናቷን አንቺ ስትል የኖረችው ልጅ፣ እንደ እንግዳ ሰው ረጋ ብላ ጠየቀቻት፦

"ምሳዎን አሁን ላቅርብልዎ ወይስ ይቆያሉ?"