የመናኸሪያው ጥላ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጬ የባሕር ዳር መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ የነበረ ወጣት «ይህን የመሰለ ቦታ ሱቅ ቢሠራበት ምን ነበር?» አለኝ። ሳቅኩ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ይኸው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበርና።

ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነበርኩ። አለቃዬ ጋሽ ታረቀኝ በመናኸሪያው ዙሪያ ያለው አረንጓዴ ቦታ ለሕዝቡ ይበቃ እንደሆነ አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ይበቃል ከተባለ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ባዶ መሬት ለሱቅ ሊሰጥ ነው። በካርታው ላይማ ሞልቶ ተርፏል፤ ከበላይ የባሕር ዛፍ ደን፣ ከበታች ገደላማ ሣር። ሄጄ ሳየው ግን ደኑ ታጥሯል፤ ገደሉም የፍየል እንጂ የሰው ማረፊያ አይደለም።

«ጋሼ፣ አይበቃም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ካርታው ይበቃል ይላል።»

«እንግዲያው ነገ ቀትር ላይ አብረን እንሂድና ይዩት።»

ሚያዝያ ነበር። የእኛ ደጋ ብርዱ እንጂ ፀሐዩ አይወራለትም፤ የቀትሩ ግን አናት ይበሳል። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን ቆመን ስንበላ፣ መንገደኛው ሁሉ በቆሙት አውቶቡሶች ጥላ ሥር ተኮልኩሎ አየን። አንዱ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሰዉ ዕቃውን እየጎተተ ወደ ሌላው ይሸሻል። ከጉና በኩል በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንዱ አውቶቡስ የኋላ ጎማ አጠገብ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ወደ ኋላ ሲል «ቁም! ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ታረቀኝ ድንቹን ጥለው ሮጡና ሽማግሌውን ብብታቸውን ይዘው ጎተቷቸው። ጎማው የጋቢውን ጫፍ ረግጦ ቆመ።

ሽማግሌው አቧራቸውን እያራገፉ «ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ሌላ ጥላ የት አለና?» አሉ።

ጋሽ ታረቀኝ ወደ ቢሮ ይዘውኝ ተመለሱ። በሩ ላይ ስንደርስ «አይበቃም ብለሽ ጻፊ፤ እኔም እፈርማለሁ» አሉኝ። በስብሰባው ላይ ቦታውን የፈለጉት ነጋዴዎች አጥብቀው ተከራከሩን። እኔም ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ግማሹ መሬት ለሱቅ ሄደ፣ ግማሹ ቀረልን። ክረምት ሲገባ ወይራና ዝግባ ተከልን። የመጀመሪያዎቹን ፍየል ጨረሳቸው፤ አጥረን ደግመን ተከልን።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ አጥንቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም ሰው ሲያማክረኝ፣ መጀመሪያ በቀትር ሂድና ሕዝቡ የት እንደተቀመጠ እይ እለዋለሁ። የደከመ መንገደኛ በእግሩ ደርሶ አረፍ ካላለበት፣ ካርታው ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ብቻ ነው።